ዝም ብዬ የሰፋሁት ቀሚስ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በታኅሣሥ ነው። ጎንደር ውስጥ ልብስ ለሚሰፋ ሰው ታኅሣሥ እንቅልፍ የለውም። ጥምቀት ደርሷል፤ ከሽማኔ የመጣው ሸማ መደርደሪያውን ሞልቶ ወለሉ ላይ ተከምሯል፤ ጥልፍ የሚጠልፉልኝ ልጆች እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣሉ። ጊዜ ተርፎኝ አይደለም የምጽፈው። ከአሁን እስከ ጥር 11 ድረስ ከመቶ የማያንሱ ሴቶች በዚህች ጠባብ ክፍል ገብተው መስታወቱ ፊት ይቆማሉ፣ ክንዳቸውን ያነሣሉ፣ እኔም ሜትሩን በደረታቸው ዙሪያ አዞራለሁ። ስለ ጡት ካንሰር ልናገር ያሰብሁት ነገር የሚጠቅመው አሁን ነው።

አራዳ አካባቢ መስፋት ከጀመርሁ 21 ዓመት ሆኖኛል። የደንበኞቼን ልኬት የምይዘው በደብተር ነው፦ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት። አንዲት ደንበኛ በየዓመቱ ከመጣች ገጿ ይቀጥላል እንጂ አዲስ አይከፈትላትም። ሴት ስትወልድ፣ ስትወፍር፣ ኀዘን ሲጎዳት ደብተሬ ያውቀዋል።

ከገጾቹ አንዱ የአንዲት መምህርት ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ልጆቿ እዚሁ ከተማ አሉ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እታለም እላት ነበር። ዘጠኝ ጥምቀት ሰፍቼላታለሁ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተሰፋውን ቀሚስ ልትሞክር መጣችና መስታወቱ ፊት ቆመች። ቀሚሱ በግራ በኩል ልክ ተቀምጧል፤ በቀኝ በኩል ግን ከጡት ሥር የያዝሁት እጥፋት ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ተስቧል። የተሳሳትሁት እኔ መስሎኝ በመርፌ ቁልፍ ይዤ እንደገና ለካሁ። ቁርጡ ትክክል ነበር፤ የተለወጠው ሰውነቷ ነው። ቀኝ ጡቷ ከግራው ከፍ ብሏል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ወደ ብብቷ በኩል ቆዳው ክር የተሳበበት ጨርቅ ይመስል ስርጉድ ብሏል። ይህ ሁሉ በስሱ የውስጥ ልብሷ ላይ ይታይ ነበር። እጄ እዚያው ላይ ቆመ።

እሷም አየችኝ። «አንዱ ጎን ትንሽ ጠጠር ብሎብኛል፤ አያመኝም» አለች።

አያመኝም ስትል ልቤ ቀለል አለው። ደግሞስ በሰው ጡት ላይ ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ? እንዲህ ያለው ነገር ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ዝም አልሁ። በዝምታም አላበቃሁም፤ የቀኙን ጎን ፈትቼ አሰፋሁት፣ ግራውን ጥቂት ከፍ አደረግሁት፣ ጥልፉን በላዩ ላይ አወረድሁበት። ልዩነቱ ጠፋ። ቀሚሱን በጣም ወደደችው። ሰውነቷ ያሳየኝን ነገር በገዛ መርፌዬ ሸፍኜ ሰደድኋት።

በሚያዝያ ጠጠሩ አደገባት። የሄደችበት ሕክምና ቤት «የጡት መቆጣት ነው» ብሎ ኪኒን ሰጣት። የመጨረሻ ልጇ ጡት ከጣለ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ኪኒኑን ጨርሳ ስትመለስ ሌላ ኪኒን ሰጧት። ከዚያ ጠበል ገባች። ናሙና የተወሰደላት በነሐሴ ነው፤ ውጤቱ እስኪመጣ ደግሞ ስድስት ሳምንት ቆየ። ያን ጊዜ ወገቧን ማመም ጀምሯት ነበር፤ በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ቀበርናት። ለቅሶ ቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፏ በዚያ ቀሚስ የተነሣችው ነው። ሁለቱ ጎን እኩል ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን የምነግራችሁ ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ለዚያ የነፍስ አባት አለኝ። የሐኪም ዓይን ሳይደርስ የሴትን ሰውነት የሚያይ ስንት ሰው እንዳለ ስላወቅሁ ነው። ልብስ ሰፊ ያያል። ሹርባ የምትሠራ፣ ጀርባ የምታሽ፣ አራስ የምታጥብ ታያለች። እናት ታያለች። ባል ደግሞ ከሁሉም በፊት ያውቃል። ሁላችንም አይተን ጨዋነት ነው ብለን ዝም እንላለን።

ከቀብሩ በኋላ አንዲት ነርሶችን የምታስተምር ደንበኛዬን ያዝኋትና ማታ ማታ እየመጣች እንድታስረዳኝ ለመንኋት። ቀሚሷን በነፃ ሰፋሁላት። መጀመሪያ የነገረችኝ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አይወጣም፦ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። «የሚያም ቢሆን ኖሮ ሁላችሁም በሩጫ ትመጡ ነበር» አለችኝ። እታለም ያጽናናችኝ «አያመኝም» የሚለው ቃል፣ ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ቤት ሊሰደን የሚገባ ቃል ነበር።

ምልክቶቹን በጨርቅ ላይ እያሳየች አስተማረችኝ፤ ጨርቅ ስለምረዳ ይሆናል። ጡት ውስጥ ወይም ብብት ሥር የሚዳሰስ ጠጠር። የአንዱ ጡት መጠን ወይም ቅርጽ መለወጥ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነቁጥ ነቁጥ ማለቱ፣ መጨማደዱ፣ መሰርጎዱ ወይም መቅላቱ። ቀድሞ ወጣ ያለ የነበረ ጫፍ ወደ ውስጥ መግባቱ፤ ከተፈጥሮ ጀምሮ የገባ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ከጫፉ ደም ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ መውጣቱ። ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን በእታለም ላይ አይቻለሁ።

ወዲያውም ደግሞ አስጠነቀቀችኝ፤ ሴቶችን እንዳላስደነግጥ። ጡት ላይ ከሚገኙት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ውኃ የቋጠሩ አሉ፣ በወጣቶች ላይ ከጣት ሥር እንደ ብይ የሚንሸራተቱ አሉ፣ የወር አበባ ሲመጣ አብጠው ሲሄድ የሚጠፉ አሉ። ይኸኛው የቱ እንደሆነ ግን በእጅ ብቻ የሚለይ የለም፤ እኔም፣ ባለቤትየዋም፣ ሐኪሙም ቢሆን። ለዚህ አልትራሳውንድ አለ፣ ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅ አለ፣ በመጨረሻም በመርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በራጅ በደንብ አይለይም፤ ለእነሱ አልትራሳውንዱ ይሻላል። የወር አበባ የምታይ ሴት ራሷን የምትዳስስ ከሆነ አበባዋ በመጣ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ያን ጊዜ ጡት ለስለስ ይላል። የወር አበባዋ የቆመ ደግሞ ከወሩ አንድ ቀን መርጣ ትያዝ። ራስን መዳሰስ ግን በሠለጠነ እጅ መመርመርን አይተካም፤ ይህንን ደጋግማ ነግራኛለች።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ልኬት ስጨርስ ከመጋረጃው ሳልወጣ አንድ ነገር እናገራለሁ። ሁልጊዜ ያው ነው፦ «እታለም፣ አትቀየሚኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጡትሽ ላይ ወይም ብብትሽ ሥር የተለወጠ ነገር አለ? ባያምሽም? ካለ ለበዓሉ አታቆዪው።» ለልጆቹ ልጄ እላለሁ፤ ለትልልቆቹ እናቴ ብዬ በእርስዎ እለውጠዋለሁ።

ሁሉም በደግ አልተቀበለኝም። አንዲቱ «ልብስ ሰፊ ነሽ ወይስ ሐኪም?» ብላ ጨርቋን ይዛ ወጣች፤ ሟርት መስሏት ነው። አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ግን ጥያቄውን ስትሰማ አለቀሰች። ለእናቷ መንገር አፍራ ስምንት ወር ይዛው ነበር። አብሬያት ሄድሁ፤ አልትራሳውንድ ታየች፤ ክፉ ያልሆነው ዓይነት ነው፣ ክትትል ብቻ ይበቃል ተባለች። የስምንት ወር እንቅልፏ በአንድ ቀን ተመለሰላት።

ሌላዋ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ የ39 ዓመት ሴት ናት። ስጠይቃት ዝም ብላ እጄን ይዛ ወደ ብብቷ በኩል አስነካችኝ። እንደ ሽምብራ ያለች፣ የማትንቀሳቀስ። አታማትም። ሱቄን ዘግቼ በማግስቱ ይዣት ሄድሁ። ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር ነው፣ ከአራቱ የበሽታው ደረጃዎች ሁለተኛው ላይ ነው ተባለ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ወሰደች፣ ዕጢው ሆርሞን የሚያሳድገው ዓይነት ሆኖ ስለተገኘ ታሞክሲፌን የሚባል ኪኒን በየቀኑ ትውጣለች፤ ለአምስት ዓመት ቢያንስ። ጸጉሯ ተመልሶ በቅሏል። በርበሬዋንም ትሸጣለች።

ጡቷ ከተነሣ በኋላ ስትመጣ የተቸገርሁበትን ልንገራችሁ፤ ለሌሎች ልብስ ሰፊዎች ይጠቅም ይሆናል። በባዶው ጎን የሚገባ ከረጢት በነጭ ጥጥ ሞልቼ ሰፋሁላት። ስትቀመጥ ደህና ነው፤ ስትሄድ ግን ጥጡ ስለሚቀልል ወደ አንገቷ ይወጣል። ሽምብራ ብሞክር ይቆረቁራል። መጨረሻ ላይ ዳጉሳ አሰብሁ። ዳጉሳ ደቃቅ ነው፣ ክብደት አለው፣ ከሰውነት ጋር ይፈስሳል። በስስ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ዳጉሳውን ከታች፣ ጥጡን ከላይ አድርጌ፣ አፉን በቁልፍ ዘጋሁት፤ ሲቆሽሽ ዳጉሳውን አፍስሳ ጨርቁን ታጥባለች። ሰውነቷ ሚዛኑን ስላገኘ ትከሻዋ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን ተወ። እስከ አሁን ለሰባት ሴቶች ሰፍቻለሁ። ገንዘብ አልቀበልበትም።

ሰባቱም ሴቶች አንድ ነገር ሲባሉ ሰምተዋል፦ «ብረት ከነካው ይባባሳል።» ይህ አባባል በእኛ አገር የገደለው ሰው ብዙ ነው። ከየት እንደመጣ አሁን ይገባኛል። ሰው በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ይሄዳል፣ መርፌ ወይም ቢላዋ ይነካዋል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይሞታል፤ ጎረቤት ደግሞ ብረቱን ያየዋል እንጂ ከብረቱ በፊት የባከነውን ዓመት አያየውም። ናሙና መውሰድ ካንሰሩን አያሠራጭም። በርበሬ ሻጯ ብረት ነክቷታል፤ እታለምን ጊዜው ካለፈ በኋላ ነክቷታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጊዜ ብቻ ነው።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እኔም ቁስቋም እየወጣሁ እጠመቃለሁ፤ እምነቴ ነው። ግን ጠበል የሚገባ ሰው ሐኪም ቤት አይሂድ ያለ ካህን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የነፍስ አባቴ ጸሎቱንም ሕክምናውንም አንድ ላይ ያዙ ነው የሚሉት። ካህናቱ ይህንን በዐውደ ምሕረት ጮኽ ብለው ቢናገሩልን፣ እኔ በዓመት ከምደርስባቸው ሴቶች ይልቅ እነሱ በአንድ እሑድ የሚደርሱባቸው ይበዛሉ።

እስከዚህ የተናገርሁት የእኛን የሴቶቹን መዘግየት ነው። የቀረው የሕክምናው ነው፤ እሱንም ሳልናገር አላልፍም። እታለም ኪኒን ተሰጥቷት የተመለሰችባቸው ሁለት ጊዜያት የእሷ ጥፋት አልነበሩም። የሚያጠባ ልጅ የሌላት ሴት ጡቷ ጠጥሮ ስትመጣ፣ ኪኒን ሰጥቶ ከመሸኘት በፊት ልብሷን አስወልቆ ሁለቱንም ጡትና ብብት መዳሰስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ ላይ፣ አንዲት ሴት ምልክት ይዛ ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ አልቆ በሽታዋ እንዲታወቅ ይላል፤ ከታማሚዎቹም ቢያንስ 60 በመቶው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደረጃ ላይ እንዲገኙ። እታለም ከሚያዝያ እስከ መስከረም ጠብቃለች።

ያው ድርጅት በ2022 በዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር መገኘቱን፣ 670 ሺህ ሰዎችም መሞታቸውን ጽፏል። በሀብታም አገሮች ከታወቀላቸው በኋላ አምስት ዓመት የሚኖሩት ከመቶ ከ90 በላይ ናቸው፤ በሕንድ 66፣ በደቡብ አፍሪካ 40። በሽታው ያው አንድ በሽታ ነው። በእኛ አገር ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይኸው የጡት ካንሰር ሲሆን፣ የሚይዛቸውም ብዙዎቹ ገና ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ላይ ደርሰው ነው። ወንዶችንም ይይዛል፤ ከመቶ አንድ ቢሆን ነው፣ ግን ይይዛል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ መሥሪያ ቤት ለጡት ካንሰር ወር ሮዝ ጥብጣብ እንድቆርጥ አዝዞኝ ሁለት ጥቅልል ቆርጬ ሰጠሁ። ሥራው መልካም ነው፤ ስሙ የማይጠራውን በሽታ ስሙን አስጠርቷል። እናቴ ነቀርሳ ለማለት እንኳ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ነገር ግን ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ፣ ጥብጣቡን ያደረገች ሴት የት ሄዳ፣ በየትኛው ቀን፣ በማን እጅ እንደምትመረመር የነገራት የለም።

ለዚህ አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም። ሴቶች ቀድሞውኑ ጤና ጣቢያ ይመላለሳሉ። ልጅ የምታስከትብ እናት ከስድስተኛው ሳምንት እስከ 15ኛው ወር ድረስ አምስት ጊዜ ያህል ትሄዳለች። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ለማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ይጠራሉ፤ ልብሳቸውን አውልቀው አልጋ ላይ ይወጣሉ። እዚያው ላይ እያሉ ጡታቸው ቢታይ ምን ይጎዳል? ይህ ከልብስ ሰፊ ጭንቅላት ብቻ የወጣ ሐሳብ አይደለም። በሕንድ ሙምባይ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ 20 ዓመት የፈጀ ጥናት ተደርጓል። ግማሾቹን የመረመሯቸው ዶክተሮች አልነበሩም፤ ሠልጥነው የተመደቡ ሴት የጤና ሠራተኞች ናቸው፤ በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው እየዳሰሱ። በሽታው ቀደም ባለ ደረጃ መገኘት ጀመረ፤ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑት ሴቶች ላይ በጡት ካንሰር መሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች በሆኑት ላይ የሞት ቁጥር ሲቀንስ አልታየም፤ ይህንንም ነርሷ ሳትደብቅ ነግራኛለች። ስለዚህ ለወጣቶቹ፣ ምልክት ይዘው በመጡ ቀን ሳይመለሱ መመርመራቸው ከሁሉ ይበልጣል።

ጎንደር ደግሞ ይህን ልትማር ወደ ሌላ አገር አትሄድም። የደንቢያን ሕዝብ ወባ ከጨረሰው በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚህ ነው። የጤና መኮንኖቹና የማኅበረሰብ ነርሶቹ የተማሩት በዚህች ከተማ ነው፤ በሽተኛ እስኪመጣ አይጠብቁም ነበር፣ እነሱ ነበሩ ወደ ሕዝቡ የሚወርዱት። የዛሬዎቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእነሱ ልጆች ናቸው። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበርና፣ ከደባርቅና ከጭልጋ የመጣች ሴት አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ወራት ትሰለፍ ነበር። በጊዜ የተገኘ እብጠት ግን ብዙውን ጊዜ ያን ያህል መንገድ አያስኬድም።

የምጠይቃችሁ ይኼ ነው። ጋዜጠኛ ላኩና በጎንደርና በዙሪያዋ፣ በቆላ ድባ፣ በማክሰኝት፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በአይከል፣ የትኛው ጤና ጣቢያ የጡት ምርመራ እንደሚያደርግ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ መርማሪዋ ሴት መሆን አለመሆኗን፣ አልትራሳውንዱ የሚሠራ መሆኑን፣ የናሙና ውጤት በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠይቃችሁ አትሙልን። ገበያ ለመጣች የገጠር ሴት፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ የመጣችበት ያ አንድ ቀን ነው ያላት፤ ማክሰኞ መጥታ ምርመራው ሐሙስ ነው ከተባለች አትመለስም። ከተቻለ ደግሞ ከጥምቀት በፊት ይውጣ።

የእታለም ትልቋ ልጅ ዘንድሮ ሃያ ዓመት ሞልቷታል። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ለካኋት። በደብተሩ ውስጥ አዲስ ገጽ አልከፈትሁላትም፤ ከእናቷ ልኬት ሥር ጻፍሁት። እናቷ እንዴት እንደታመመች፣ ምን እንዳየሁ፣ ምን እንዳልተናገርሁ ነገርኋት። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እኔስ መቼ ልታይ?» አለችኝ። ነርሷ ከቤተሰቧ ውስጥ በሽታው የያዘው ሰው ያለ ሴት ምርመራውን ቀደም አድርጋ መጀመር እንዳለባት ነግራኝ ስለነበር፣ ሰኞ ጠዋት አብረን ለመሄድ ተቀጣጥረናል።

ጋዜጣው ሲደርሰኝ ዝርዝሩ ያለበትን ገጽ ቆርጬ ከመስታወቱ ጎን እለጥፈዋለሁ፤ ሴቶቹ ክንዳቸውን አንሥተው ሲቆሙ ዓይናቸው የሚያርፍበት ቦታ ላይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ልብስ ሰፊ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ የታወቀ)
ከጎንደር